ተማሪው «ሁለት አምስተኛ» ቢላችሁ አትለፉት

ለማስተማር ልምምድ ስወጣ ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ዝግጅቱ ብዙም አያስጨንቅም። ርዕሱ ታህታቸው (ከታች ያለው ቁጥራቸው) የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር ነበር። የትምህርት ዕቅዱን በቅጹ መሠረት ሞላሁ፣ ምሳሌ መረጥኩ፣ ወረቀት ቆራርጬ ያዝኩ። ገምጋሚው ኋላ ተቀመጠ። መግቢያው በሰዓቱ አለቀ።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ 1/2 + 1/3 ጻፍኩ። አንድ ልጅ በሙሉ ልብ «ሁለት አምስተኛ!» አለ። «አይደለም፣ ሌላ ሰው?» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ብዙዎቻችንም የተማርነው እንደዚያ ነው። እኔ ግን መልሱን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩትና እንዴት እንዳገኘው ጠየቅኩት።

«ከሁለት ጥያቄ አንዱን፣ ከሦስት ጥያቄ ደግሞ አንዱን ባገኝ፣ ከአምስት ሁለት አገኘሁ ማለት ነው» አለኝ።

አያችሁ? ልጁ ዝም ብሎ አልገመተም። ለፈተና ውጤት ከሆነ ሒሳቡ ልክ ነው። ግን እዚያ አንዱ የ2 ጥያቄ ግማሽ ነው፣ ሌላው የ3 ጥያቄ ሲሶ ነው። እኛ የምንደምረው የአንድን ነገር ግማሽና ሲሶ ነው። ይህ በወሬ ብቻ አይገባም። ወረቀቶቹን አደልኩና አንዱን ለሁለት፣ ሌላውን ለሦስት አሳጠፍኳቸው፤ ከዚያ ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል አልኳቸው። 0.4 እና 0.5 መሆናቸውን ሲያዩ አንዷ «እንዴ! ጨምረንበት እንዴት ያንሳል?» አለች። ሁለቱንም ወረቀት ለስድስት ማጠፍ ከዚያ በኋላ የራሳቸው ሐሳብ ነበር። 3/6 እና 2/6፣ 5/6።

ገምጋሚው ይህ ሁሉ ሲሆን የእጅ ሰዓቱን ያሳየኝ ነበር። ቅጹ ላይም «የጊዜ አጠቃቀም ደካማ፣ ዕቅዱን አለመከተል» ብሎ ጻፈ። ስለ ልጁ መልስ አንዲት ቃል የለም! እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የክፍል ሥራው ሳይሠራ መቅረቱ እውነት ነው። ግን ሳይገባቸው አምስት ጥያቄ በዚያው መንገድ ቢሠሩ ምን ይጠቅማቸዋል? ያንን ክፍለ ጊዜ ዛሬም ቢሰጡኝ እንደዚያው ነው የማስተምረው።

ዕቅዳችሁን በደቂቃ በደቂቃው ተከተሉ ትባላላችሁ። እኔ አልስማማም። ምሳሌ ከምታበዙ ተማሪዎች ሊሰጡ የሚችሉትን የተሳሳተ መልስ ቀድማችሁ አስቡ፣ ጊዜም መድቡለት። ቅጹ ቦታ ከሌለው ጠርዙ ላይ ጻፉት። ለገምጋሚውም ክፍል ሳትገቡ ንገሩት፤ በኋላ መከራከር ዋጋ የለውም።

ወረቀቱን ደግሞ 12 ሳንቲሜትር አድርጉት፤ ግማሹ 6፣ ሲሶው 4፣ ስድስተኛው 2 ይመጣል። ለሦስት ማጠፍ ስለሚያስቸግር መስመሩን ቀድማችሁ አስምሩ። ሁሉም እኩል ይቆረጥ፤ ርዝመቱ ከተለያየ የአንዱ ልጅ ግማሽ ከሌላው ግማሽ ጋር አይገጥምም፣ ክርክሩም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።