ፖርተር ጠመቃ፦ በቡናማው ብቅል እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ወዳጆች። ቤታችሁ ቢራ ለምትጠምቁና ልትጀምሩ ላሰባችሁ፣ ስለ ፖርተር እስካሁን የተማርኩትን ላካፍላችሁ። የምኖረው ለንደን ነው፤ ፖርተር የተወለደባት ከተማ። አሁን አሁን ቅዳሜና እሁዴ የሚያልፈው በብቅል ሽታ ነው። ብዙ ሰው ፖርተር ማለት የጠቆረ ቢራ ይመስለዋል። እኔ እየጠመቅኩ ስሄድ የገባኝ ጣዕሙ ያለው ቡናማው ብቅል ውስጥና ቢራው በሚቆይበት ጊዜ ውስጥ መሆኑ ነው። ጥቁረቱ በኋላ የመጣ ነገር ነው፤ እንዴት እንደመጣም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ጣዕሙ። አገር ቤት ሐኪም ስታውትን የጠጣችሁ የዚህን ቤተሰብ አንድ ልጅ ታውቃላችሁ፤ ስታውት የወጣው ከፖርተር ነው፣ ድሮ ጠንከር ያለ ፖርተር ማለት ነበር። ሐኪም ግን ወደ ጣፋጭነት ያደላል። የለንደን ፖርተር ደረቅ ያለ ነው። ብርጭቆውን ወደ መስኮት ከፍ አድርጋችሁ እዩት፤ ጥቁር ይመስል የነበረው ከጫፉ ሲታይ ጥልቅ ቀይ ነው። አረፋው ወደ ቡኒ የሚያደላ ነጭ። አፍንጫ ላይ መጀመሪያ የዳቦ ቅርፊት ይመጣል፣ ቀጥሎ ቀለል ያለ ቡና፣ ከዚያ ስኳር ያልገባበት ካካዎ። ምላስ ላይ ትንሽ ጣፋጭ ሆኖ ይጀምርና ሲወርድ ይደርቃል፣ መጨረሻ ላይ የሆፕሱ (ቢራውን የሚያመረው አበባ) ምሬት ይቀራል። የተቃጠለ ነገር ጣዕም ከገነነበት ለኔ ከፖርተርነት ወጥቷል።

አንድ ነገር አደራ፦ በረዶ አስመስላችሁ አትጠጡት። እኛ ቢራ ካልቀዘቀዘ አንወድም፣ ለሌላው ቢራ ልክ ነው። ፖርተር ግን በጣም ሲቀዘቅዝ ምሬቱ ብቻ ይቀራል፤ ያ ሁሉ የዳቦና የቡና ጣዕም ይጠፋል። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ትንሽ አቆዩት። 12 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው።

ወደ ታሪኩ ልግባ፣ ምክንያቱም ታሪኩን ሳላውቅ የጠመቅኩትና ካወቅኩ በኋላ የጠመቅኩት ለየቅል ነው።

ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1720ዎቹ አካባቢ ነው ለንደን ውስጥ ስም ያወጣው። ከቴምዝ ወንዝ ዳር ጭነት የሚያወርዱት፣ በከተማው ውስጥ ዕቃ ተሸክመው የሚያመላልሱት ወዛደሮች ስለወደዱት በእነሱ ስም ተጠራ። ቀኑን ሙሉ ሸክም ላይ ለሚውል ሰው ቢራ መጠጥም ምግብም ነበር። ራልፍ ሃርዉድ የሚባል ጠማቂ በ1722 ፈለሰፈው የሚል ታሪክ በየቦታው ያጋጥማችኋል። አትመኑት። የቢራ ታሪክ አጥኚዎች ፈልገው ማስረጃ አላገኙለትም። ፖርተር የለንደን ጠማቂዎች ይሠሩት ከነበረው ቡናማ ቢራ ቀስ በቀስ ያደገ ነው። ሆፕሱ በዛ፣ የሚቆይበት ጊዜ ረዘመ፣ ጣዕሙ ጠራ።

ብቅሉ ከየት ይመጣ ነበር? በብዛት ከለንደን ሰሜን፣ ሃርትፎርድሺር ውስጥ ካለችው ዌር ከተማና ከአካባቢዋ። የበቀለውን ገብስ በእንጨት እሳት ነበር የሚያደርቁት፣ በኃይለኛ ሙቀት። ቡናማ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጭሱም አብሮ ይገባበታል። ገና እንደተጠመቀ ሲጠጣ ጭሱ ይከብዳል፤ ወራት ሲቆይ ግን ይለዝባል። ስለዚህ ማቆየቱ የቅንጦት ጉዳይ አልነበረም፣ ብቅሉ ራሱ የጠየቀው ነገር ነው።

ማቆየት ደግሞ ትልቅ ዕቃና ትልቅ ገንዘብ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ፖርተር ጠመቃን ፋብሪካ ያደረገው። ሳሙኤል ዊትብሬድ በ1750 ቺዝዌል ስትሪት ላይ የከፈተው ጠመቃ ቤት በ1785 የጄምስ ዋትን የእንፋሎት ሞተር አስገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ራሱ መጥቶ ጎበኘው። ሕንፃው ዛሬም ባርቢካን አጠገብ ቆሟል። ቢራ ግን አይጠመቅበትም፣ የግብዣና የስብሰባ አዳራሽ ሆኗል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ አየዋለሁ።

አሁን ጥቁረቱ እንዴት እንደመጣ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ጠማቂዎች ሃይድሮሜትር መጠቀም ጀመሩ፤ ከብቅሉ የሚወጣው ጭማቂ ውስጥ ምን ያህል ስኳር እንዳለ የሚለካው፣ ዛሬ ሁላችንም ቤታችን ያለን ዕቃ። ሲለኩ ደነገጡ። ቡናማው ብቅል ከነጣው ብቅል በጣም ያነሰ ስኳር ነው የሚሰጠው። የነጣው በኪሎ ቢወደድም በሚሰጠው ስኳር ሲሰላ ይረክሳል። ስለዚህ አብዛኛውን በነጣ ብቅል ተኩት። ቢራው ግን ነጣባቸው! ጠጪው ደግሞ የለመደውን ቀለም ይፈልጋል። አንዳንዱ ያረረ ስኳር፣ አንዳንዱ የባሰ ነገር መጨመር ጀመረ። መንግሥት በ1816 ከብቅልና ከሆፕስ ሌላ ነገር እንዳይገባ ከለከለ። በዓመቱ፣ በ1817፣ ዳንኤል ዊለር የሚባል ሰው ብቅልን በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ እስኪጠቁር የሚቆላበትን ዘዴ አስመዘገበ። ጥቂቱ ብቻ አንድ ትልቅ ጥመቃ ያጠቁራል፣ ከሕጉም አይወጣም። የዛሬው ጥቁር ብቅል ይሄ ነው።

አየርላንዶች በጊዜ ሂደት ቡናማውን ትተው በነጣና በጥቁር ብቅል ብቻ መሥራት ቀጠሉ። የለንደን ሰዎች ግን ቡናማውን ጨርሰው አልጣሉትም። የደብሊን ስታውትና የለንደን ፖርተር ጣዕም የሚለያየው በዋናነት እዚህ ላይ ነው። እኔም ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ጥቁር ብቅሉን ቀንሼ ቡናማውን ጨመርኩ። ልዩነቱን የመጀመሪያው ጉንጭ ላይ ታገኙታላችሁ።

አሁን የምጠምቅበት መጠን፣ ለ20 ሊትር፦ ማሪስ ኦተር የሚባለው የነጣ ብቅል 3.5 ኪሎ፣ ቡናማ ብቅል 700 ግራም፣ ክሪስታል ብቅል 300 ግራም፣ ጥቁር ብቅል 150 ግራም። ሆፕሱ 50 ግራም ፋግልስ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚፈላ። የሽታ ሆፕስ አልጨምርም። ብቅሉን በ67 ዲግሪ ውሃ ለአንድ ሰዓት እዘፈዝፈዋለሁ። ከዚያ በላይ ሙቀት ካደረጋችሁት ጣፋጭነቱ ይበዛል፣ ዝቅ ካደረጋችሁት ደግሞ ይሳሳል። የጭማቂው መነሻ ግራቪቲ (በሃይድሮሜትር የሚለካው፣ ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) 1.050 አካባቢ ይሆናል፤ እርሾው ሥራውን ሲጨርስ ወደ 1.014 ይወርዳል። አልኮሉ አምስት በመቶ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው። እርሾው የእንግሊዝ ኤል እርሾ ይሁን፣ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ።

ስለ ቡናማው ብቅል ትንሽ ልቆይ። ጠላ ሲጠመቅ ያያችሁ ሰዎች አሻሮ ሲቆላ ቤቱን የሚሞላውን ሽታ ታውቁታላችሁ። ቡናማ ብቅል ስትከኩ የሚመጣባችሁ እሱው ነው። ፍሬዋን በጥርሳችሁ ሰብራችሁ እዩ፤ ውስጧ ነጭ ሳይሆን የካኪ ወረቀት ዓይነት ቀለም አለው። ስታኝኩት ደረቅ ነው፣ ዱቄትነት አለው፣ ቀስ ብሎ የቡና ምሬት ይመጣል። ያ ዱቄታማ ደረቅነት ቢራው ውስጥም ይገባል፣ ለዚህ ነው ትኩሱ ፖርተር ጉሮሮ ላይ ሻከር የሚለው። አትደንግጡ፣ አትድፉትም። በጠርሙስ ሁለት ሦስት ወር ሲቆይ ሻካራው ለስልሶ ካካዎው ይወጣል። የዛሬው ቡናማ ብቅል ደግሞ ሲቆላ ኢንዛይሙ ስለሚሞት ብቻውን ስታርቹን ወደ ስኳር መለወጥ አይችልም። የግድ ከነጣ ብቅል ጋር ነው የሚሄደው። የጥንቱ በእንጨት እሳት የሚደርቀው ግን ብቻውን ይበቃ ነበር፣ ምክንያቱም ኢንዛይሙ ሙሉ በሙሉ አይሞትም ነበር።

ውሃውም የራሱ ድርሻ አለው። የለንደን ውሃ በጠመኔ ድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ ካርቦኔቱ ብዙ ነው፤ የማፍያዬን ውስጥ ብታዩት ነጭ ቅርፊት ይዟል። በዚህ ውሃ ነጣ ያለ ቢራ ጥሩ አድርጎ መሥራት ያስቸግራል። ጠቆር ያለ ብቅል ግን በተፈጥሮው አሲድ ስላለው ውሃውን ያስተካክለዋል፣ ፒኤቹም (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ5.2 እስከ 5.6 ባለው ጥሩ ቦታ ላይ ያርፋል። ለንደን በፖርተር የታወቀችው በዕድል ብቻ አይደለም፣ ውሃዋም ረድቷታል።

አሁን የማቆየቱን ነገር። ስለ ድሮዎቹ ጋኖች ትልቅነት ሳነብ ከሁሉም ልቤን የነካው የ1814ቱ አደጋ ነው። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 17 ቀን፣ ቶተንሃም ኮርት ሮድ አጠገብ ባለው የሚዩ ኩባንያ ሆርስ ሹ ጠመቃ ቤት፣ ቁመቱ 22 ጫማ የሆነ የእንጨት ጋን ፈነዳ። ውስጡ አሥር ወር የቆየ ፖርተር ነበር። ከሰዓት በኋላ አንዱ የብረት ቀበቶ ወልቆ ታይቷል፤ ግን በየዓመቱ የሚያጋጥም ነገር ስለነበር ማንም አልሠጋም። ቢራው ግድግዳውን ጥሶ ሴንት ጃይልስ በሚባለው የድሆች ሠፈር ላይ ወረደ። ስምንት ሰዎች ሞቱ፣ ሴቶችና ሕፃናት። ገሚሶቹ ምድር ቤት ውስጥ ለሞተ ሕፃን ለቅሶ የተቀመጡ ነበሩ። ኩባንያው የከፈለው ግብር ተመለሰለት፤ ለሟቾች ቤተሰቦች ግን ካሳ አልተከፈለም። ዛሬ ቦታው ላይ ዶሚኒየን ቲያትር አለ። ይሄን የምጽፈው ስለ ፖርተር ቅርስ ስናወራ እነዚህም ሰዎች የታሪኩ አካል ስለሆኑ ነው።

እነዚያ ጋኖች ውስጥ ቢራው ለብዙ ወራት ሲቀመጥ ምን ይሆን እንደነበር የታወቀው በ1904 ነው። ኮፐንሃገን በካርልስበርግ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ክላውሰን፣ የእንግሊዝ የቆየ ቢራ ያንን የተለየ ጣዕሙን የሚያገኘው ቀስ ብሎ ከሚሠራ ሌላ እርሾ መሆኑን አሳየ። ብሬታኖማይሲስ ብሎ ሰየመው። ተራው እርሾ የተወውን ስኳር ቀስ እያለ ይበላል፤ የቆዳ፣ የደረቀ ፍራፍሬ፣ የወይን ጠጅ ዓይነት ሽታ ይሰጣል። እኔም ከአንዱ ጥመቃ 5 ሊትር ቀንሼ በመስታወት ደምጃን ውስጥ ይሄን እርሾ ጨምሬ ጨለማ ቦታ አስቀምጫለሁ። ግራቪቲው እስካሁን ወደ 1.008 ወርዷል። ቀምሼዋለሁ፤ የቡናው ጣዕም ወደ ኋላ ሄዶ የዘቢብ ነገር መጥቷል፣ መጨረሻው ላይ ቀጠን ያለ ኮምጣጣነት አለው። በጣም ነው የወደድኩት።

ይሄን የምትሞክሩ ከሆነ የፕላስቲክ ቱቦና ባልዲያችሁን ለብቻ አድርጉ፣ አለበለዚያ ያ እርሾ ሌላው ቢራችሁ ውስጥ ይገባል። ግራቪቲው ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ ካልቆየ በጠርሙስ አትሙሉት። ጠርሙስ ይፈነዳል፣ ቀልድ አይደለም።

ሌላም የድሮ ልማድ አለ፦ መጠጥ ቤቶቹ ትኩሱንና የቆየውን ቀላቅለው ይቀዱ ነበር። ሦስት እጅ ትኩስ፣ አንድ እጅ የቆየ አድርጌ ብርጭቆ ላይ ሞክሬዋለሁ። ትኩሱ ሙላት ይሰጣል፣ የቆየው ጥራት። እስካሁን ካሰናዳሁት ሁሉ ለኔ ይሄ ይበልጣል።

ፖርተር እንግሊዝ አገር ውስጥ ጠፍቶ እንደነበር ያውቃሉ? በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእህል ቁጥጥሩ አቅጥኖት ነበር፣ በሁለተኛው ዊትብሬድ ራሱ ተወው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ትናንሽ ጠማቂዎች ናቸው መልሰው ያነሡት። መቅመስ ለምትፈልጉ የፉለርስ ለንደን ፖርተር ጥሩ መነሻ ነው፣ ቡናማው ብቅል በደንብ ይታወቅበታል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ቡናማ ብቅል የት እናገኛለን ለምትሉ፦ የነጣ ብቅል ካገኛችሁ ራሳችሁ ቁሉት። በመጋገሪያ ትሪ ላይ አንድ ጣት ሳይሞላ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት። በ110 ዲግሪ ለ45 ደቂቃ ይድረቅ፣ ከዚያ ወደ 150 ከፍ አድርጉና ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። መጨረሻ ላይ 175 አድርጋችሁ በየጥቂት ደቂቃው እያገላበጣችሁ አንዳንድ ፍሬ ቆርጣችሁ ውስጡን እዩ። የካኪ ወረቀት ቀለም ሲይዝ ወዲያው አውጡት። ከቆላችሁት በኋላ ሁለት ሳምንት በወረቀት ከረጢት ይረፍ፤ ኃይለኛው የቁሌት ሽታ ይወጣለታል።

ቀጣዩ ጥመቃዬ ጥቁሩን ብቅል ሙሉ በሙሉ አውጥቼ ከ1817 በፊት ወደነበረው መቅረብ ነው፦ ቡናማውን እስከ 40 በመቶ አድርጌ፣ ቀሪውን የነጣ። ከእናንተ መሃል በዚሁ መጠን የሚጠምቅ ካለ መነሻና መድረሻ ግራቪቲውን፣ የውሃውንም ዓይነት ይጻፍልኝ። ጎን ለጎን እናያቸዋለን።