እርጥብ ፎጣም ይቃጠላል

ወገብ ሲያም ፎጣ አርጥቦ ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚያሞቅ ሰው አለ። «እርጥብ ስለሆነ አይቃጠልም» ይላል። ልክ ነው፣ ግን ውሃው እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ማይክሮዌቭ ከሁሉ በላይ የሚያሞቀው በዕቃው ውስጥ ያለውን ውሃ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጨርቁ እርጥብ እስከሆነ ድረስም ሙቀቱ ከዚያ ብዙ አያልፍም። የታጠፈ ፎጣ ግን እኩል አይደርቅም። ጫፉ ገና እየተነነ መሃሉ ደርቆ ይከስላል፤ የከሰለ ጥጥ ደግሞ ጨረሩን ከደረቅ ጥጥ እጅግ በበለጠ ይስባልና ያ ቦታ ፍም ይሆናል። ላዩ ንጹሕ የመሰለው ፎጣ ተዘርግቶ አየር ሲያገኝ ቦግ ይላል። ለወገብ ፎጣውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ መጭመቅ ይበቃል።

እንጀራም እንደዚያው ነው። ለአንድ እንጀራ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃል። የምሳ ሰዓት ሰልፍ ባለበት ቢሮ ግን 30 ሰከንድ ለማለት 3 ደቂቃ ተጭኖ የሚሄድ አይጠፋም፣ እንጀራውም ደርቆ ይጨሳል። ድርቆሽ ወጥ ሳይነካው ብቻውን አይግባ፤ ፌስታሉም አስቀድሞ ይውጣ። የወርቅ ቀለም ጠርዝ ባለው ሲኒ ቡና አታሙቁ፣ ጠርዙ ብልጭ ብልጭ ይላል። ፎይልና ስቴፕል ያለበት ወረቀትም ያው ነው።

ብዙ ሰው የማያያት አንዲት ነገር አለች፤ ብዙ ጊዜ በውስጠኛው የቀኝ ግድግዳ ላይ ያለች፣ ካርቶን የምትመስል ስስ ሽፋን። ጨረሩ የሚገባው በእሷ በኩል ነው። የወጥ ዘይት ተፈናጥሮባት ሳይጠረግ ከቆየ ይከስልና እዚያው ብልጭታ ይነሳል። ሶኬቱን ነቅላችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጓት። ከተበሳች ትቀየር፣ እስክትቀየር ማሽኑ አይሠራ። የውጭ ቆርቆሮውን ግን አትፍቱ፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ገዳይ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

እሳት ከታየ በሩን አትክፈቱ። ሶኬቱን ንቀሉ፤ እጅ የማያስደርስ ከሆነ ብሬከሩን አውርዱ። አየር ያጣ እሳት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይከስማል። ነበልባሉ ከወጣ የወጥ ቤቱን በር ዘግታችሁ ውጡ፣ በደረጃ እንጂ በሊፍት አይሁን፤ ወደ አዲስ አበባ እሳት አደጋ 939 ደውሉ። ከጠፋና ማሽኑ ከቀዘቀዘ በኋላ ፎጣውን ባልዲ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። እንዲሁ ቆሻሻ ውስጥ ከተጣለ ከሰዓታት በኋላም ዳግም ሊነድ ይችላል።