ኩርፊያ ቁጣ አይደለም

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቤቴ እቀመጣለሁ። ስልኩ ይጮኻል። በአንዱ ጫፍ ሐኪም፣ በሌላው ጫፍ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ፣ መሐል ላይ እኔ። 8 ዓመት ሠርቼበታለሁ። የኩላሊቱም፣ የልቡም፣ የማሕፀኑም፣ የዓይኑም ቃል በእጄ ነው። ታዲያ ስለ ራሴ የተጻፈ ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ሲመጣ አንዲት መስመር ለእህቴ መተርጎም አቃተኝ።

መስመሯ «ሌላ የተገለጸ የስብዕና መታወክ፤ የተቀላቀሉ ባሕርያት» ትላለች።

«እሺ፣ ስሙ ምንድን ነው?» አለችኝ እህቴ በስልክ።

«ስም የለውም።»

«ስም የሌለው በሽታ አለ እንዴ? አላወቁትም ማለት ነዋ!»

እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነበር። ቃሉ ራሱ ደግሞ ያማል። በእኛ ቋንቋ ስብዕና ማለት ክብርም ነው፤ «ስብዕናዬን ነካኝ» ብለን የምንጣላበት ነገር ነው። «ባሕርይ» ልበለው ብል የባሰ ነው፤ «ባሕርይው ነው» የተባለ ሰው አይለወጥም ተብሎ ተትቷል። በሥራዬ ላይ ስንት ሰው ይህን ቃል ከእኔ አፍ ሰምቶ ዝም እንዳለ ትዝ አለኝ። ዝምታውን «ገብቶታል» ብዬ አልፌው ነበር።

ወደ ባለሙያ የሄድኩት በራሴ ተነሳሽነት ነው ብል ውሸት ነው። ፍቅረኛዬ «ከአንተ ጋር ስኖር በየቀኑ ፈተና ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል» ብላ ሄደች። እንቅልፍ አጣሁ። ሐኪሜ ድብርት ነው ብሎ ኪኒን ሰጠኝ። ኪኒኑ እንቅልፉን መለሰልኝ፤ ሰዉን ግን አልመለሰልኝም።

ምን ነበር የማደርገው? አለቃዬ «ጊዜ ሲኖርህ ደውልልኝ» ብሎ መልእክት ከላከ፣ ሥራ መልቀቂያዬን በሐሳቤ ጽፌ እጨርሳለሁ። አንድ ጊዜ የእውነት ጽፌ ላክሁ። ሰውየው ሊጠይቀኝ የፈለገው መቼ እረፍት እንደምወጣ ነበር። ጓደኛዬ ቶሎ ካልመለሰልኝ ጠልቶኛል፤ እሱ ሳይቆርጠኝ እኔ እቆርጠዋለሁ። አንዲት ኢሜይል ለመላክ ሰባት ጊዜ አነባታለሁ። ከዚያ አልልካትም። እንዲህ እያልኩ በ11 የስደት ዓመታት ውስጥ አብረውኝ ከኖሩት ሰዎች መካከል ዛሬ ስልካቸውን የያዝኩት የሁለቱን ብቻ ነው።

ለሳይኮሎጂስቷ «ይሄ እኮ ስደት ነው» አልኳት። «አገሩ ነው እንዲህ ያደረገኝ።»

ትከራከረኛለች ብዬ ስጠብቅ «ሊሆን ይችላል» አለች። የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር የሚያወጣው ዲኤስኤም የተባለው የመመርመሪያ መጽሐፍ ራሱ ያስጠነቅቃል። ከስደት በኋላ አዲስ ኑሮ ለመልመድ የሚመጣን ችግር ከስብዕና መታወክ ጋር አታምታቱ ይላል። ያ ሰው የመጣበትን ባህልና እምነትም እንደ በሽታ አትቁጠሩ ይላል። የስብዕና መታወክ ማለት ሰው ስለ ራሱና ስለ ሌላው የሚያስብበት፣ የሚሰማበትና ከሰው ጋር የሚኖርበት መንገድ ሲዛባ ነው። እንዲያ እንዲባል ነገሩ ከጉርምስና ወይም ከወጣትነት መጀመሪያ ጀምሮ የነበረ መሆን አለበት። አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በሥራም፣ በፍቅርም፣ በጓደኝነትም የሚታይ፣ ለሰውየውም ሥቃይ ወይም ኪሳራ የሚያመጣ መሆን አለበት። ስለዚህ «ልጅ ሳለህ የሚያውቅህ ሰው ላናግር» አለችኝ።

እህቴ በቪዲዮ ገባች። እሷ የዚህን አገር ቋንቋ አትችልም። እኔው ላስተርጉም አልኩ። ሳይኮሎጂስቷ ሳቀችና ሌላ አስተርጓሚ በስልክ አስገባች። የሙያ ባልደረባዬ ማለት ነው፤ ደግነቱ አንተዋወቅም።

እህቴ ደግሞ አንዴ ከጀመረች ማን ያቆማታል! «14 ዓመቱ እያለ የልብ ጓደኛው አንድ ቀን ሳይጠብቀው ከትምህርት ቤት ወጣ። ዓመት ሙሉ አኮረፈው። ልጁ እየመጣ ደጅ ይቆማል፤ ይሄ አይወጣም። በመስኮት ተደብቆ ሲያየው ግን አይቼዋለሁ። ያለቅስ ነበር።» የደብተሩንም አልተወችውም። አንዲት መስመር ከተሰረዘች ሙሉ ደብተሩን እንደ አዲስ ስገለብጥ አድር እንደነበርና ጠዋት የቤት ሥራዬን ሳላስረክብ እንደምቀር ተናገረች።

አስተርጓሚው «አኮረፈው» የሚለውን «ተቆጣው» አድርጎ ተረጎመ።

መቀመጥ አቃተኝ። «ኩርፊያ ቁጣ አይደለም!» አልኩ። የተቆጣ ሰው ይናገራል። ያኮረፈ ሰው ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ እንዲለመን ይፈልጋል፤ ሲለምኑት አይከፍትም፤ ሳይለምኑት ሲሄዱ ደግሞ ይሞታል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። አስተርጓሚው ምስኪን እንደ ደንባችን «አስተርጓሚው ቃሉን ያርማል» ብሎ አረመ። ሳይኮሎጂስቷ ቀና ሳትል ብዙ ጻፈች። በኋላ ደብዳቤው ሲመጣ አየሁት። ኩርፊያዬም፣ አስተርጓሚውን ማረሜም ሁለቱም ገብተዋል።

ከዚያ ቆጠራ መጣ። ስሜቱ ቶሎ ለሚለዋወጠውና እንዳይተዉት ለሚፈራው፣ ቦርደርላይን ለሚባለው የስብዕና መታወክ 9 መመዘኛዎች አሉ፤ 5 ማሟላት ያስፈልጋል። እኔ 4 አለኝ። ነቀፌታን ፈርቶ ከሰው ለሚሸሸው ዓይነት ከ7 መመዘኛዎች 4 ይጠየቃል። 3 አለኝ። ፍጹምነት ላይ ሙጭጭ ለሚለው ደግሞ ከ8 መመዘኛዎች 4 ይጠየቃል። እዚህም 3። በሦስቱም በአንድ አንድ ነጥብ ወደቅሁ። ተማሪ ሳለሁም እንዲህ ነበርኩ።

«ታዲያ ካላለፍኩ ጤነኛ ነኝ ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ብዕሯን አስቀመጠችና ትንሽ ሒሳብ አሳየችኝ። ከ9 ውስጥ 5 ወይም ከዚያ በላይ ለማሟላት 256 የተለያዩ መንገዶች አሉ። በዚያ በፍጹምነቱ ደግሞ አንዱ ሰው የመጀመሪያዎቹን 4፣ ሌላው የመጨረሻዎቹን 4 ቢይዝ፣ አንድም ነገር ሳይጋሩ አንድ ስም ይይዛሉ። እኔና ጎረቤቴ ግን በአንዲት ነጥብ ብቻ ብንለያይ እሱ ስም አለው፣ እኔ የለኝም። ሰውን እንዲህ በማይመሳሰል ነገር አንድ ላይ የሚያስር፣ በትንሽ ነገር ደግሞ የሚለያይ ወሰን፣ ከሰው ተፈጥሮ ይልቅ የመጽሐፉ ጉዳይ ነው። (ይህን አንብባችሁ የባላችሁን ምልክት መቁጠር እንዳትጀምሩ። እኔ የአለቃዬን ቆጥሬያለሁ። አይጠቅምም።)

ለካ የእኔ ዓይነቱ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው አራተኛው የዲኤስኤም እትም 10 ዓይነት የስብዕና መታወክ ዘርዝሮ፣ የተረፈውን ሁሉ «በሌላ መልኩ ያልተገለጸ» ብሎ አንድ ላይ ከተተው። ያ የትርፍራፊ ማስቀመጫ በሐኪሞች እጅ በብዛት ከሚሰጡት ስሞች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2013 አምስተኛው እትም ሲመጣ ለሁለት ተከፈለ። ሐኪሙ ለምን እንዳልገጠመ ምክንያቱን ሲጽፍ «ሌላ የተገለጸ» ይባላል። ምክንያቱን ካልጻፈ «ያልተገለጸ» ነው። የእኔዋ የመጀመሪያዋ ናት። «አላወቁትም» የሚለው የእህቴ ፍርድ ስህተት የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ሙሉ ሁለት ገጽ ተጽፎልኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የበለጠ ደፈረ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው አይሲዲ 11 የተባለው የበሽታዎች መዝገብ የድሮዎቹን ዓይነቶች አንሥቶ ጣላቸው። የቦርደርላይን ነገር ብቻ እንደ ተጨማሪ ማብራሪያ ተረፈ። አሁን መጀመሪያ የሚጠየቀው ክብደቱ ነው፤ ቀላል፣ መካከለኛ ወይስ ከባድ? ከዚያ እንደ አስፈላጊነቱ የትኞቹ ዝንባሌዎች ጎልተዋል ይባላል። አምስት ናቸው፦ በቀላሉ በክፉ ስሜት መዋጥ፣ ከሰው መራቅ፣ ለሌላው ደንታ ማጣት፣ ሳያስቡ መፈጸም፣ በሥርዓትና በፍጹምነት መጨነቅ። አንድ ሰው ሁለትም ሦስትም ሊኖረው ይችላል። በዚህኛው ብመዘን ትርፍራፊ አልሆንም ነበር። እኔን ብትጠይቁኝ ይሄኛው ሰውን ይመስላል።

ስም ማጣት ግን ዋጋ አለው፤ አልዋሽም። አንድ የቡድን ሕክምና የሚሰጥ ቦታ ማመልከቻዬን አይቶ «ፕሮግራማችን ቦርደርላይን ለተባሉ ብቻ ነው» ብሎ መለሰኝ። በአንድ ነጥብ! ያን ቀን አምስተኛውን መመዘኛ ከየት ላምጣው ብዬ ያሰብኩበት ሰዓት ነበር፤ በራሴ ሳቅሁ፣ ተናደድሁም።

ለስብዕና መታወክ ብሎ የተፈቀደ የተለየ መድኃኒት የለም። ኪኒኑ የሚሰጠው አብሮ ለሚመጣው ድብርት ወይም ጭንቀት ነው። ዋናው ሕክምና ወሬ ነው፤ ረጅም ወሬ። ሳይኮሎጂስቷ ስሙን ትታ ዘወትር ወደ ሁለት ነገር ትመልሰኛለች፤ ራሴን እንዴት እንደማይ፣ ሌላውን ሰው እንዴት እንደምረዳ። «አለቃህ ደውልልኝ ሲል ምን አስቦ ሊሆን ይችላል? ሦስት ምክንያት ንገረኝ» ትለኛለች። የመጀመሪያው ሁልጊዜ «ሊያባርረኝ» ነው። ሁለተኛውን ለማግኘት ላብ ያጠምቀኛል። ሦስተኛው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ከእኔ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ሥራ የበዛበት ሰው ሆኖ ይወጣል።

ለእህቴ በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ተረጎምኩላት፦ «ከየቦታው ትንሽ ትንሽ አለብኝ፤ አንድ ላይ ሲሆን ይከብዳል።» ትንሽ አሰበችና «ይሄንን ከመጀመሪያው ብትለኝ ምን ነበረበት» አለች።

ባለፈው ወር በማይረባ ነገር ተጣላን። ስልኳን ማንሳት ተውኩ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። ስትደውል ስክሪኑን አያለሁ፤ አላነሳም፤ መደወል ስታቆም ደግሞ ሆዴ ይባባል። ያው መስኮቱ ነው። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ እኔው ደወልኩ።

«አቤት!» አለች። «ምን ነካህ ዘንድሮ? ሦስት ቀን ብቻ?»