በመጨረሻ «ፔርሶና»ን አየሁት

የቆዩ ፊልሞችን አስተውሎ ማየት መለማመድ ከጀመርኩ ወዲህ ስሸሸው የኖርኩትን «ፔርሶና»ን በመጨረሻ አየሁት። ኢንግማር በርግማን በ1966 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ሰዓት ተኩል የማይሞላ የስዊድን ፊልም ነው፤ ጥቁርና ነጭ።

ኤሊሳቤት የተባለች ተዋናይት መድረክ ላይ ሳለች በድንገት ዝም ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ አትናገርም። ሐኪሞቹ ሕመም አላገኙባትም። አልማ የምትባል ወጣት ነርስ እንድታስታምማት ተመድባ ሁለቱ ባሕር ዳር ወዳለ ቤት ይሄዳሉ። ዝምታ ሰው ያስለፈልፋልና አልማ ለማንም ያልነገረችውን ገመናዋን ሁሉ ዘረገፈችው። አንድ ቀን ፖስታ ልታስገባላት የያዘችውን የኤሊሳቤትን ደብዳቤ ሳይታሸግ ብታገኘው አነበበችው። ያ ሁሉ ምስጢሯ ለሐኪሟ እንደ ወግ ተጽፏል! ቂሙ እዚህ ይጀምራል፤ ከዚህ በኋላ ማን ታማሚ፣ ማን አስታማሚ እንደሆነች መለየት ያስቸግራል። መካከል ላይ ፊልሙ ራሱ ተቀድዶ ይቃጠላል፤ ኮምፒውተሩ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትነካኩት።

መክፈቻውን አልወደድኩትም። ሸረሪቱ፣ የሚታረደው በግ፣ መዳፍ ላይ የሚመታው ሚስማር ለማስደንገጥ ብቻ የተደረደሩ መሰሉኝ።

ደጋግሜ ያየሁት ግን አልማ ስለ ኤሊሳቤት ልጅ የምትናገርበትን ክፍል ነው። ንግግሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ጊዜ ይሰማል። በመጀመሪያው ካሜራው የሚያሳየን አድማጯን ነው፤ ቃሉ ሲወጋት እናያለን። በሁለተኛው ተናጋሪዋን ያሳየናል፤ ያን ጊዜ አልማ ስለ ራሷ የምትናገር ይመስላል። ድምፁን አጥፍቼ ሳየው የፊልሙ ካሜራ ባለሙያ ስቬን ኒክቪስት በመብራት የሠራው ይበልጥ ታየኝ፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ስለሚመጣ የሁለቱም ፊት ግማሹ ጥላ ነው። በመጨረሻ የአንዷ ግማሽ ፊት ከሌላዋ ግማሽ ጋር ተጋጥሞ አንድ ፊት ይሆናል። በርግማን እንደተረከው አልማን የተጫወተችው ቢቢ አንደርሰንና ኤሊሳቤትን የተጫወተችው ሊቭ ኡልማን ያን ምስል ሲያዩ እያንዳንዷ የሌላዋን ፊት ያየች መስሏት ነበር።

«ሁለት ሴቶች ናቸው ወይስ አንድ?» ለሚለው መልስ ስፈልግ ቆይቼ አገር ሰጥቻለሁ። ለምታዩት ሰዎች የምመክረው ከተናጋሪዋ ይልቅ የምታዳምጠዋን ፊት እንድትከተሉ ነው። ኡልማን ለበርግማን የተወነችበት የመጀመሪያ ፊልም ይህ ነው፤ እዚህ የምትናገረው ከጥቂት ቃላት አይበልጥም። ቀጥዬ እንደ ልቧ የምታወራበትን ፈልጌ አያለሁ።