ቡችላው ቤት በገባ ማግስት ለምን ያስቀምጠዋል?

አዲስ ቡችላ ያመጡ ወዳጆቼ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። «ስናመጣው ደህና ነበር፣ አሁን ግን ያስቀምጠዋል፣ ምን ነክቶት ነው?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ እዚያ ምን ይበላ ነበር? አብዛኞቹ አያውቁም። ስለ ዝርያው ጠይቀዋል፣ ስለ ክትባቱ ጠይቀዋል፣ ጆሮው ይቆም እንደሆነም ጠይቀዋል፤ ምግቡን ግን የጠየቀ የለም።

የቡችላ ሆድ የለመደውን ነው የሚያውቀው። አንጀቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከድሮው ምግብ ጋር ተስማምተው ነው የሚኖሩት፣ አዲስ ምግብ ሲመጣም ለመላመድ ቀናት ይፈጅባቸዋል። እስከዚያው በደንብ ያልተፈጨው ምግብ አንጀት ውስጥ ውሃ ይስባል፣ ጋዝ ይፈጥራል፣ ሆዱ ይጮሃል፣ ከዚያ ሰገራው ይቀጥናል። ከእናቱ መለየቱ የሚያመጣበት ጭንቀት ደግሞ ያባብሰዋል። ምግቡ መጥፎ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በጣም ውድ የሆነው የታሸገ ምግብም በድንገት ከተሰጠው ያስቀምጠዋል።

ወተት ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። እኛ ዘንድ ቡችላ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀርብለት ወተት ነው፣ ከደግነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የእናቱ ወተት ስቡም ፕሮቲኑም ከላም ወተት በጣም ይበልጣል፣ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ደግሞ ያንሳል። ቡችላው ጡት ሲጥል ያንን ስኳር የመፍጨት አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ጡት ለጣለ ቡችላ ንጹህ ውሃ ይበቃዋል።

ሌላው የጾምና የፍስክ ነገር ነው። ከቤት ትርፍራፊ የሚበላ ቡችላ ሳናስበው ከኛ ጋር ይጾማል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ለሦስት ወር ቡችላ ከዕድሜው ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ እንጀራ በሽሮ ሲበላ የከረመ ሆድ፣ የፋሲካ ዕለት ጮማው፣ አንጀቱ፣ የዶሮ አጥንቱ በአንዴ ሲወርድበት እንዴት ይቻለው? ስብ ሲበዛ ከተቅማጥም አልፎ ቆሽቱ ሊታመም ይችላል፣ የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ወጡ ራሱም ደህና አይደለም። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ፣ መብሰላቸውም ጉዳታቸውን አያስቀረውም። ስለዚህ ለቡችላው ትንሽ ሩዝና ስጋ ያለ ቅመም ለብቻ ቀቅሉለት፣ በጾምም በፍስክም። ለዘለቄታው ግን ሩዝና ስጋ ብቻውን አይበቃውም፣ ለሚያድግ ቡችላ የተዘጋጀ ምግብ ወይም የሐኪም ምክር ያስፈልገዋል።

ቡችላውን ስትወስዱ ከሚበላው ትንሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እሱኑ ስጡት። ከዚያ ሦስት እጅ አሮጌ ከአንድ እጅ አዲስ ጋር ቀላቅሉ። ሰገራው ደህና ከሆነ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ግማሽ በግማሽ፣ ቀጥሎ ሦስት እጅ አዲስ፣ እንዲህ እያለ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። መሀል ላይ ሰገራው ከላላ ወደ ቀደመው መጠን ተመለሱ፣ አትቸኩሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የለመዳችሁት የታሸገ ምግብ ድንገት ከገበያ ሊጠፋ ይችላል፤ ከረጢቱ ተሟጦ ሳያልቅ ሌላ ፈልጉ፣ የሚቀላቀል እንዲተርፋችሁ።

ካስቀመጠው በኋላስ? እየተጫወተ፣ እየበላ፣ ውሃ እየጠጣ ከሆነ ለአንድ ሁለት ቀን ያለ ጨው፣ ያለ ዘይት የተቀቀለ ሩዝና ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ስጋ በትንሽ በትንሹ ደጋግማችሁ ስጡት። «ሆዱ ይረፍ» ብላችሁ አታስርቡት፤ ትንሽ ቡችላ ከተራበ የደሙ ስኳር ቶሎ ይወርዳል። ለሰው የተገዛ የተቅማጥ ወይም የሕመም ማስታገሻ ክኒንም አትስጡት። በሁለት ቀን ካልተሻለው ወደ ሐኪም።

ሁሉንም በምግብ ማሳበብ ግን አደገኛ ነው። በጣም የምፈራው ፓርቮ የሚባለውን፣ ቡችላን ቶሎ የሚገድል የቫይረስ በሽታ ነው። የሚያስመልሰው፣ ምግብ እንቢ ያለ፣ የፈዘዘ፣ ደም ያለበትና በጣም የሚከረፋ ተቅማጥ የያዘው ቡችላ ለነገ አይባልም፣ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ አለበት። «ተከትቧል እኮ» ይሉኛል። አንድ ጊዜ መከተብ አይበቃም። ክትባቱ ከ6 ወይም ከ8 ሳምንቱ ጀምሮ በየሦስት አራት ሳምንቱ፣ ቢያንስ 16 ሳምንት እስኪሞላው መደገም አለበት። ወስፋትም አለ። ቡችላ ገና ማኅፀን ውስጥ እያለ ከእናቱ ሊይዘው ይችላል፣ ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ የከሳ ቡችላ ስታዩ እሱን ጠርጥሩ።

ውሃ አልቆበት እንደሆነ ለማወቅ ድዱን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ነጥቶ ከነበረበት በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ ካልተመለሰ፣ ወይም ድዱ ደርቆ ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ቤት ውስጥ የምትሠሩት ነገር የለም። ክሊኒክ ስትሄዱ ትንሽ ሰገራ በንጹህ ዕቃ ከድናችሁ ያዙ፣ ለሐኪሙም ምግቡ መቼና ከምን ወደ ምን እንደተቀየረ፣ መድኃኒት ተሰጥቶት ከሆነም ምን እንደተሰጠው ሳትደብቁ ንገሩ።