ሌሊት ማን ማንን ይሻገራል? ለሁለት የምትሆን ትንሽ ካራቫን ስንፈልግ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው፣ በተከራየነው ካራቫን፣ መኪና በሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤት፣ ሐይቅ ዳር ቆመናል፣ ውጪው ድቅድቅ ያለ ጨለማ። ባለቤቴ ሽንት ቤት ልትሄድ ፈልጋ ከግድግዳው በኩል ተነሳች፣ እኔ ከውጪ በኩል ተኝቻለሁ፣ አልጋው ደሞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አግድም የተዘረጋ ነው፣ ስለዚህ መውጫዋ በኔ ላይ ብቻ ነው። ቀስ ብላ በጉልበቷ ልትሻገረኝ ስትል ክንዴን ረገጠችው፣ እኔ ደንግጬ ብድግ ስል ግንባሬ ከላይ ካለው ቁምሳጥን ጋ ተላተመ። በዘጠኝ ቀን ጉዞ ውስጥ ይሄ ነገር በየሌሊቱ ነው የተደገመው፣ አንዳንዴም ሁለቴ። ሦስተኛው ቀን ላይ «አንተን ላለመቀስቀስ ብዬ እኮ ከማታ ጀምሮ ውሃ መጠጣት ትቻለሁ» አለችኝ፣ ይሄን ስሰማ በጣም ነው የከበደኝ። ካራቫን ለመግዛት ወራት ሙሉ ስናነብ ስንጠይቅ ከርመን፣ ሌሊት ማን ማንን ይሻገራል የሚለውን አንዴም አስበነው አናውቅም ነበር።

ከዛ በፊት አንድ ሌላ ሞክረናል። ቲርድሮፕ የሚሏት የእንባ ጠብታ ቅርፅ ያላት ትንሽዬ ተጎታች አለች፣ ከፈረንጆቹ 1930ዎቹ ጀምሮ የነበረች ዓይነት ናት፣ ውስጧ አልጋ ብቻ ነው፣ ማብሰያው ከኋላ ክዳኗን ከፍ ስታደርጉት ነው የሚገኘው። ክብደቷ ብዙ ጊዜ ከ400 እስከ 700 ኪሎ ነው፣ ትንሽ መኪና ራሱ ይጎትታታል፣ ነፋስም ብዙ አይዛትም። ለሁለት ሌሊት ተከራየናትና ሁለቱንም ቀን ዘነበ። ቆሞ ልብስ መልበስ የለ፣ ቁጭ ብሎ ማውራት የለ፣ ሱሪዬን በጀርባዬ ተኝቼ ነው የለበስኩት። ደረቅ አገር ለሚዞር ሰው ምርጥ ናት፣ ዝናብ ለሚወድ ሰው ግን አልመክርም። እኛ ደሞ ዝናብ እንወዳለን።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጉዞ ከፍ ያለ ተከራየን፣ አምስት ሜትር አካባቢ ርዝመት ያለው፣ ሽንት ቤትና ሻወር ያለው፣ ጠረጴዛ ያለው፣ ምን አለፋችሁ ሙሉ ቤት ነው። ብሮሹሩ ላይ ባዶ ክብደቱ 1,090 ኪሎ ይላል፣ ከነጭነቱ የሚፈቀድለት 1,500፣ የኔ መኪና ደሞ እስከ 1,600 መጎተት ይችላል። እሺ በቃ፣ ይበቃል አልን።

ሁለተኛው ቀን ረጅም ቁልቁለት ላይ ነበርን፣ ፍጥነታችን 95 አካባቢ፣ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በግራ አልፎን ሲሄድ ከኋላችን የሆነ ነገር ገፋ አደረገን። በስፖኪዮ ሳይ ተጎታቹ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ ከዛ እንደገና ወደ ግራ፣ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው እየሰፋ። መኪናው ራሱ ጭራው ሲወዛወዝ ወንበሩ ላይ ይሰማኛል። እንዲህ ሲሆን የሰው እግር መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፍሬን ነው፣ ግን የመኪናውን ፍሬን መርገጥ ነገሩን ያባብሰዋል፣ ይሄን አስቀድሜ ማንበቤ ነው ያዳነን። መሪውን ቀጥ አርጌ ያዝኩ፣ እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ፣ ከመሪው ስር የተገጠመችውን የተጎታቹን የኤሌክትሪክ ፍሬን መቆጣጠሪያ በእጄ ገፋ አረኳት፣ የተጎታቹ ጎማዎች ብቻ ፍሬን ሲይዙ ተጎታቹ ወደኋላ ይጎተትና ይቀናል። ቀና። ዳር ይዘን ቆምን። ባለቤቴ እጄን ያዘችኝና ለረጅም ጊዜ ምንም ሳንነጋገር ተቀመጥን።

ቀጥታ የሄድነው የጭነት መኪናዎች መመዘኛ ነው፣ ያኔ ያገኘሁት ትምህርት ከማንኛውም ብሮሹር ይበልጥብኛል። መጀመሪያ ተጎታቹ እንደተያያዘ ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ አወጣን፣ 1,365 ኪሎ። ከዛ ፈታነውና ለብቻው ሙሉውን መዘንነው፣ 1,460። ልዩነቱ 95 ኪሎ ነው፣ ይቺ 95 ኪሎ ማለት የተጎታቹ አፍንጫ፣ ከመኪናው ጋ የሚያያዘው የፊት ጫፉ፣ የመኪናው መጎተቻ ኳስ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ናት። በሰሜን አሜሪካ የሚመከረው ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው አፍንጫው ላይ እንዲያርፍ ነው (አውሮፓ ውስጥ ተጎታቾቹም መኪኖቹም የሚሰሩት ከዚህ ላነሰ ስለሆነ የራሳችሁን መኪና መመሪያ ማየት ነው)፣ የኛ ግን 6 ተኩል በመቶ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ደሞ ግልፅ ነው፣ ሁለት ሳይክል ከኋላ ሰቅለናል፣ የውሃ ታንከሩም ከጎማው ኋላ ነው ያለው፣ 90 ሊትር ሙሉ፣ አንድ ሊትር ውሃ ደሞ አንድ ኪሎ ነው። ኋላው ከከበደ ፊቱ ይቀላል፣ ፊቱ ከቀለለ ጭራው መወዛወዝ ይጀምራል፣ በቃ ይሄው ነው። 60 ሊትሩን ደፋን፣ ሳይክሎቹን ፈታተን መኪና ውስጥ አስገባናቸው፣ ከባድ ከባዱን ዕቃ ከጎማው ፊት ወለሉ ላይ ደረደርን፣ እንደገና ስንመዝን ጠቅላላው 1,368 አፍንጫው 155 ሆነ። ከዛ በኋላ ስንት የጭነት መኪና አለፈን፣ ምንም አላለም።

ቆይ ግን፣ ባዶ 1,090 ነው የተባለው እንዴት 1,460 ሆነ? ቁጭ ብለን ወረቀት ላይ ጻፍነው። ውሃ 90፣ ሁለት የጋዝ ሲሊንደር ከነጋዙ 34፣ ባትሪ 28፣ ብሮሹሩ ውስጥ ያልተቆጠሩት ኤሲና የጥላ ሸራ ወደ 60፣ ሳይክሎቹ 32፣ የቀረው 126 የኛው ልብስና ድስት ፍራሽ ወንበር ነው። ብዙ ጊዜ ባዶ ክብደት የሚሉት ነገር ማንም ሰው የማይጓዝበት ክብደት ነው፣ ተጎታች ስትመርጡ እሱን እርሱትና የሚፈቀደውን ከፍተኛ ክብደት እዩ። ሌላው ደሞ የመኪናው የራሱ የመሸከም አቅም ነው፣ የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈች ወረቀት አለች፣ የኔ ላይ 430 ኪሎ ትላለች። አፍንጫው 155፣ እኔና እሷ 150፣ ሳይክሎቹ 32፣ ሻንጣ 70፣ ድምሩ 407። 1,600 መጎተት ይችላል የተባለው መኪና 23 ኪሎ ብቻ ነው የቀረው፣ ያውም ተጎታቹ ገና 1,368 ሆኖ። ይሄን ሂሳብ ሳይሰሩ ትልቅ የገዙ ሰዎች ሳስብ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ችግሩ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው።

ሻወሩን በዘጠኝ ቀን አንዴ ተጠቀምንበት። ሽንት ቤቱና ሻወሩ አንድ ክፍል ነው፣ ስትታጠቡ መቀመጫው ወረቀቱ ሁሉ ይረጥባል፣ ከዛ ማድረቅ አለባችሁ፣ ከዛ ደሞ የቆሸሸውን ውሃ ይዛችሁ ትዞራላችሁ። ያረፍንባቸው ቦታዎች ሁሉ መታጠቢያ ነበራቸው። ያ ክፍል የያዘውን ቦታ እያየሁ እዚህ ጋ እኮ አልጋ ይገባ ነበር እል ነበር።

ጠዋት ጠዋት ደሞ መስኮቶቹ ውስጣቸው በላብ ይወርዱ ነበር። ሁለት ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሹና በላቡ ግማሽ ሊትርም ከዛ በላይም ውሃ ያወጣል፣ ትንሽ ክፍል ውስጥ ያ ውሃ መሄጃ የለውም፣ ፍራሹ ስር ሁሉ ይገባል። ብርድም ቢሆን የጣሪያውን መተንፈሻ ትንሽ ከፈት፣ አንድ መስኮት ጣት በምታስገባ ያህል ከፈት አርገን መተኛት ከጀመርን በኋላ ቀነሰ። ጋዝ እያነደዱ ግን በራችሁን ዘግታችሁ እንዳትተኙ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያዋም ባትሪ እንዳላት ሳታዩ አትተኙ፣ ይሄን በእግዜር ነው የምለምናችሁ።

ከጉዞው መልስ ያገለገለ መፈለግ ጀመርን። አንዱ ጋ ሄድን፣ ከውጪ ሲታይ የሚያምር፣ ውስጡ አዲስ ወረቀት የተለጠፈ፣ ሻጩም ደህና ሰው ይመስላል። እኔ ጎማውን ሳይ ጥርሱ ገና አልተበላም፣ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ግን አነበብኳቸው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ነው የሚነግሩት፣ 2313 ይላል፣ በፈረንጆቹ 2013 ላይ በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ጎማ ማለት ነው። የተጎታች ጎማ ከመበላቱ በፊት ያረጃል፣ አምስት ስድስት ዓመት ከሆነው መቀየር ነው። ባለቤቴ ግን ከጎማው የባሰ ነገር አገኘች። ከኋላ መስኮቱ ስር ጥግ ላይ በአውራ ጣቷ ጫን ስትል ጣቷ ገባ፣ እንደ ረጠበ ካርቶን፣ አዲሱ ወረቀት ተሸበሸበና ከጀርባው ጥቁር ኮምፔርሳቶ ብቅ አለ፣ የሻጋታ ሽታው እኔ ከቆምኩበት በር ድረስ መጣ። ጣሪያው መጋጠሚያ ላይ ዓመታት ሙሉ ሲያፈስ ኖሯል። የእንጨት አፅም ያላቸው ሳጥን ሳጥን የሚመስሉት ላይ ትልቁ በሽታ ይሄ ነው። አመስግነን ወጣን።

እሱ ነው ወደ ፋይበርግላሶቹ የመራን። እነዚህ እንደ ጀልባ በቅርፅ ማውጫ ነው የሚሰሩት፣ የላይኛው ግማሽና የታችኛው ግማሽ ለየብቻ ይወጡና መሀል ላይ ይጋጠማሉ፣ እንቁላል ነው የሚመስሉት። ቦለር የምትባለዋ በፈረንጆቹ 1968 ካናዳ ዊኒፔግ ውስጥ ነው መሰራት የጀመረችው፣ የዛን ዘመን ስሪቶች ዛሬም መንገድ ላይ ይታያሉ፣ ምክንያቱም ውሃ የሚገባበት መጋጠሚያ ጥቂት ነው፣ የሚበሰብስ ግድግዳም የለም። ወለሏና የመስኮት ጎማዋ ግን መታየት አለበት፣ እነሱ ያፈሳሉ። በአሉሚኒየም የሚሰሩትን የኤርስትሪም ኩባንያ ትንንሽ ተጎታቾች፣ ባምቢዎቹን፣ ሳላነሳ ባልፍ ባለቤቴ ትቀየመኛለች፣ በፈረንጆቹ 1961 የወጣችው የመጀመሪያዋ ፎቶ አሁንም ስልኳ ላይ አለ፣ ያምራሉ፣ ለኛ መኪና ግን ከበዱ።

የገዛናት አራት ሜትር ተኩል ናት፣ የሚፈቀድላት ከፍተኛ ክብደት 1,200፣ እኛ ሞልተን ስንመዝናት 980። ቋሚ ሻወር የላትም። ፍሪጇ በ12 ቮልት በኮምፕሬሰር የሚሰራ ነው፣ በጋዝ የሚሰራው ዓይነት ተጎታቹ ዘንበል ካለ በደንብ አይሰራም፣ ይሄኛው ግድ የለውም። የድሮውን የአሲድ ባትሪ አውጥተን 100 አምፒር አወር ሊትየም አስገባን፣ ክብደቱ ከግማሽ በታች ሆነ፣ የአሲዱን ቻርጅ ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ይበላዋል፣ ሊትየሙን ግን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ትጠቀሙበታላችሁ። ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ግን ቻርጅ አይደረግም፣ ስለዚህ ከውስጥ አልጋ ስር ነው ያስቀመጥነው።

አልጋው ሁለት ነው። በግራና በቀኝ ግድግዳ በቁመት የተዘረጉ፣ መሀላቸው መተላለፊያ። ቀን ላይ ሶፋ ናቸው፣ ዝናብ ሲሆን ፊት ለፊት ተቀምጠን እናወራለን፣ አንድ ላይ መተኛት ስንፈልግ መሀሉን የሚሞላ ርብራብ ይጎተትና አንድ ሰፊ አልጋ ይሆናል። አግድም አልጋ ከተጎታቹ ስፋት በላይ ሊረዝም አይችልም፣ በቁመት ሲሆን ግን እግሬን ዘርግቼ እተኛለሁ። ሻጩ ጋ ሁለታችንም ጫማችንን አውልቀን ሩብ ሰዓት ተኛንባቸው፣ እየተፈራረቅን ተነሳን፣ ተመልሰን ተኛን፣ ያኔ ነው የወሰንነው።

የመጀመሪያ ጉዟችን ወደዛው ሐይቅ ነበር። 80 ኪሎሜትር ከሄድን በኋላ ቆመን የጎማዎቹን ዳዶዎች እንደገና አጠበቅን፣ ስንደርስ በውሃ ልክ ግራ ቀኙን አስተካከልን፣ ጎማው ስር ታኮ አደረግን፣ ከዛ ከመኪናው ፈታናት። ማታ ዝናብ ጀመረ፣ ፋይበርግላሱ ላይ ሲወርድ ድምፁ ደስ ይላል፣ እሱን እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት ስነሳ በሩ ጋ ጫማዋ ርሶ ቆሟል፣ ሌሊት ወጥታ መግባቷን ያወኩት ያኔ ነው።