ያላቸውስ ምንድን ነው?

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ባለፈው ቅዳሜ የባዮሎጂ ደብተሯን ይዛ ቤቴ መጣችና፣ «አጎቴ፣ ኢ-ደንደሴ እንስሳት አከርካሪ የላቸውም፣ የውስጥ አጥንት የላቸውም ተብለን ተማርን፤ ታዲያ ያላቸው ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ልቤን ነካው። ከሚታወቁት የእንስሳት ዝርያዎች መካከል ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑትን በጎደላቸው ነገር ብቻ የምንጠራቸው፣ ራሳችንን መለኪያ አድርገን ስለምንነሣ ነው። ስለ ጣና ሲወራም ገዳማቱ፣ ጉማሬው፣ ታንኳውና አሳው ይነሣሉ እንጂ ከድንጋይ ሥር ያሉትን የሚያስታውስ የለም። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ወደ ሐይቁ ይዣት ወረድሁ።

ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አቅራቢያ፣ ደንገል በበዛበትና ውሃው በረጋበት ዳርቻ፣ ሁለታችንም ቦቲ ጫማና ረጅም የጎማ ጓንት አድርገን አንድ ጥቁር ድንጋይ ገለበጥን። ከሥሩ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ ቅርፊቷ መሬት ላይ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ የሆነ ቀንድ አውጣ ተጣብቃ ነበር። ባዮምፋላሪያ ከሚባለው ወገን ናት። ሰውነቷ በአንድ ሰፊ የጡንቻ እግር፣ በራስና የሆድ ዕቃዋን በሚሸፍን ስስ ልባስ የተከፈለ ሲሆን፣ ቅርፊቷን ከኖራማ ማዕድን እያመነጨ የሚገነባው ይኸው ልባስ ነው። ምላሷ ላይ በረድፍ የተደረደሩ ደቃቅ ጥርሶች ስላሉ በድንጋዩ ላይ የበቀለውን አልጌ እንደ ሞረድ እየፋቀች ትመገባለች። ውሃ ውስጥ ብትኖርም የምትተነፍሰው በሳንባ ነው፤ ደሟም እንደ እኛው ሄሞግሎቢን ስላለበት ቀላ ያለ ነው።

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ አረባቧ ነው። አንዷ ቀንድ አውጣ ወንድም ሴትም ናት። ሌላ ካገኘች ትዳቀላለች፤ ካላገኘች ደግሞ በራሷ ዘር እንቁላሏን ታጸንሳለች። በዚህ ምክንያት በእምቦጭ ሥር ላይ ተጣብቃ ወደ አዲስ ዳርቻ የተወሰደች አንዲት ቀንድ አውጣ ብቻዋን ሙሉ ትውልድ ልትመሠርት ትችላለች። ድንጋዩ ላይ ግልጽ በሆነ ዝልግልግ ተሸፍነው ያየናቸው ደቃቅ እንቁላሎችም የእሷ ወይም የመሰሎቿ ነበሩ።

ጓንት ያደረግነው በሌላ ኢ-ደንደሴ ምክንያት ነው፤ በቢልሃርዝያ ትል። እንቁላሉ ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ ሲገባ ተፈልፍሎ የሚወጣው እጭ ቀንድ አውጣዋን ፈልጎ ይገባባታል፤ በውስጧም ያለ ጾታ ተባዝቶ በሺዎች ሆኖ ይወጣና የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ካደገ በኋላ በአንጀት ዙሪያ ባሉት ደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል። ከጠፍጣፋ ትሎች አብዛኞቹ ፍናፍንት ሲሆኑ እነዚህ ግን ወንድና ሴት ተለይተው ይፈጠራሉ፤ ወንዱ ሰውነቱን በቁመቱ አጥፎ ቀጭኗን ሴት እንደ ጋቢ ይጠቀልላታል፤ እንዲህ ተቃቅፈው ለዓመታት እንቁላል ይጥላሉ። በባዶ እግራቸው ደንገል የሚያጭዱትንና ዳር ላይ የሚዋኙትን ልጆች ባየሁ ቁጥር የማስበው ይህንን ነው። ቀንድ አውጣዋን መርገም አይገባም፤ ሰንሰለቱ የሚጀምረው ሰው በሐይቁ ዳር ከሚጸዳዳበት ቦታ ነው።

ራቅ ብሎ፣ ማዕበል በሚመታው በኩል፣ ሌላ ድንጋይ ላይ ግራጫ ቅርፊት የመሰለ ነገር አገኘን። ልጅቷ ሻጋታ መስሏት ነበር፤ ሰፍነግ ነው። ቃሉን ሁላችንም በስቅለት ዕለት ሆምጣጤ ከሞላበት ሰፍነግ እናውቀዋለን። ያ የባሕር ነው፤ በሐይቅና በወንዝ የሚኖሩም አሉ። ጣናም ማኬዲያ ታነንሲስ የተባለ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተገለጸ የራሱ ሰፍነግ አለው፤ ስሙ ማክዳንና ጣናን በአንድነት ያስጠራል። ያገኘነው እርሱ መሆኑን ለመለየት ግን በውስጡ ያሉትን መርፌ መሰል ዘንጎች በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል።

ሰፍነግ አፍ፣ ሆድ፣ ነርቭ የለውም ብዬ ልነግራት ስጀምር፣ እኔም በጎደለው መጀመሬ ገባኝና አቆምሁ። ያለው እልፍ ቀዳዳና ቦይ ነው። በቦዮቹ ግድግዳ ላይ ያሉ ሴሎች ጅራፍ መሰል ጭራቸውን እያውለበለቡ ውሃ ይስባሉ፤ ባክቴሪያና ደቃቅ ምግብ ያስቀራሉ፤ የተጣራውን ውሃ በሰፊው ቀዳዳ ያስወጣሉ። ሰውነቱን የሚያቆሙት ዘንጎች መስታወት ከሚሠራበት ከሲሊካ የተሠሩ ናቸው። አንዱ ወደ ውሃ የለቀቀውን የወንዴ ዘር ሌላው ከምግቡ ጋር ስቦ ያስገባል፤ ከዚያ የሚወጣው እጭ ለአጭር ጊዜ ዋኝቶ አንድ ድንጋይ ላይ ያርፋል፤ ዕድሜውንም በሙሉ እዚያው ይኖራል። በ1907 እ.ኤ.አ. ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የባሕር ሰፍነግን በስስ ጨርቅ ጨምቆ ሴሎቹን ቢበታትናቸው፣ እየተሳቡ ተገናኝተው እንደ ገና ሰፍነግ ሆነዋል።

ሌሎቹን በመንገዳችን ላይ ብቻ አነሣናቸው። አልቅትና የምድር ትል በሰውነታቸው ውስጥ የታቆረውን ፈሳሽ በጡንቻ እየጨመቁ እንደ አጥንት ይጠቀሙበታል። ማታ መብራት የሚከቡት ትንኞች አጥንታቸውን ከውጭ ለብሰውት፣ እጭ ሳሉ ሲጠባቸው እያወለቁ ያድጋሉ።

ልጅቷ ከሰፍነጉ ቁራጭ ወስዳ ለጓደኞቿ ልታሳይ ፈልጋ ነበር። ከውሃ ሲወጣ እንደሚደርቅ ስነግራት ደብተሯ ላይ ሥዕሉን ሣለች፤ ድንጋዩንም የነበረበትን አቅጣጫ ሳንለውጥ ወደ ቦታው መለስነው።